በር የሌለው ጭስ አይታሸግም

ለተወገዱ ዕቃዎች አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ክቡር ዋና ኃላፊ፣
ሦስተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ ወደ እኛ ሰፈር በማይዞረው ቢሮ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመዋል እያልኩ ለጤናዎ ያለኝን ምኞት ከወገቤ ጎንበስ ብዬ አቀርባለሁ። ሳንባዎ እንደ ቢሮዎ መጋረጃ የነጣ፣ ደምዎ ከማንኛውም ብረት የጠራ፣ ጣቶችዎም ብዕር ሲጨብጡ የማይከዱዎት ይሁኑ። ይህን የምመኝልዎ ለወጉ ያህል አይደለም፤ ሦስቱንም ያጣች አንዲት ሴት ቤታችን ውስጥ ስላለች ዋጋቸውን አሳምሬ ስለማውቀው ነው። ስለ እሷ ወደ በኋላ እመለሳለሁ፤ ትልቅ ሰው ፊት የራስን ጉዳይ ቀድሞ መዘርገፍ ነውር ነው ተብዬ ነው ያደግሁት።

ደብዳቤዬን አገር በሚያነበው ጋዜጣ ላይ ማውጣቴንም እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። ለክቡርነትዎ በግል የጻፍኳቸው ደብዳቤዎች በሙሉ በደህና መቀመጣቸውን የመዝገብ ቤትዎ ሠራተኛ አረጋግጣልኛለች። «እህቴ፣ እዚህ የገባ ወረቀት አይጠፋም፤ አይወጣም እንጂ» ያለችኝን ሰምቼ ልቤ ዐረፈ። ጋዜጣ ግን ቢያንስ ምሳ ዕቃ ይጠቀለልበታል፤ ማን ያውቃል፣ አንድ ቀን በዚያ በኩል ጠረጴዛዎ ላይ ልደርስ እችላለሁ።

መቼም ውለታዎን ሳላነሣ ወደ ቅሬታዬ ብዘል ያሳደገችኝ አክስቴ ታፍርብኛለች። በምረቃችን ዕለት የክብር እንግዳችን እርስዎ ነበሩ። መድረኩ ላይ ወጥተው የተጻፈውን ንግግር ኪስዎ ከተቱና የእጅ ስልክዎን አውጥተው ወደ ላይ አነሡት። «ልጆቼ» አሉን፣ «ይህች ስልክ አይደለችም፣ የማዕድን ጉድጓድ ናት! ዓለም ተራራ እየናደ የሚፈልገው ኮባልት፣ ሊቲየም፣ ታንታለም፣ ስማቸው ምላስ የሚያስር ብረቶች ሁሉ በየቤታችሁ መሳቢያ ውስጥ ተኝተዋል። ሥራ ስጡን እያላችሁ በራችንን አታንኳኩ። የተጣለውን አንሡ፣ ክፈቱ፣ ከውስጡ አውጡ!» እኔ የብረታ ብረት ምሕንድስና ተመራቂ ነኝና ቃሉ ለእኔ ብቻ የተላከ መስሎኝ መዳፌ እስኪቀላ አጨበጨብኩ። ከወላጆች መቀመጫ በኩል አክስቴ በተዋሰችው ጫማ እያነከሰች መጥታ ክንዴን ያዘችና «አንቺ፣ ሰውዬው ስለ እኔ ነው እንዴ ሲያወራ የቆየው?» አለችኝ። «ስላንቺ ነው እንጂ ስለማን ይሆናል!» አልኳት። ሁለታችንም አመንንዎት። ስለ ንግግርዎ ከልብ አመሰግናለሁ።

እዚህ ላይ አክስቴን ላስተዋውቅዎ። የእናቴ ታናሽ ናት፤ እናቴ ስትሞት አንሥታ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ሰፈሩ በሙሉ የሚያውቃት «እሜቴ ሽቦ» በሚል ስም ነው። ከጋራዦቹ ጀርባ ባለው፣ አጥርም በርም በሌለው ግቢዋ ውስጥ ዕድሜዋን ሙሉ ሁለት ሥራ ስትሠራ ኖራለች፤ የኤሌክትሪክ ገመድ በእሳት እየለበለበች ከፕላስቲኩ መዳቡን ታወጣለች፣ ያረጀ የመኪና ባትሪ እየሰበረች በውስጡ ያለውን እርሳስ በመጥበሻ ታቀልጣለች። እርሳስ ስል የተማሪ መጻፊያውን አይደለም፤ ከባዱን፣ ግራጫውን፣ አንዴ ደም ውስጥ ከገባ አልወጣም የሚለውን ብረት ማለቴ ነው። እኔ የተማርኩት በዚያ ጭስ ነው። የዲግሪ ወረቀቴን ጠጋ ብለው ቢያሸቱት የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸትዎታል።

ጓደኞቼ የማመልከቻ ወረቀት ይዘው በየመሥሪያ ቤቱ ሲንከራተቱ እኔ የእርስዎን ቃል ይዤ ወደዚያ ግቢ ተመለስኩ። ጥግ ላይ የነበረችውን የዕቃ ማስቀመጫ ክፍል አጸዳናት። ጎረቤታችን አናጢው ከወፍራም ጣውላ በርና መቃን ሠርቶ ገጠመልን፤ «ለመሐንዲስ የሚገባ በር» እያለ ሦስቴ ቀለም ቀባው። ከሞተ የልብስ ስፌት መኪና ገመድ የሚልጥ ማሽን ሠራሁ፤ ገመዱ በአንድ በኩል ይገባል፣ በሌላው በኩል መዳቡና ፕላስቲኩ ያለ አንዳች እሳት ተለያይተው ይወጣሉ። ከተጣለ ማቀዝቀዣ ማራገቢያ አውጥቼ ግድግዳው ላይ ተከልኩና አየሩ በከሰል ተጣርቶ እንዲወጣ አደረግሁ። ከአሮጌ ኮምፒውተሮች ሆድ ውስጥ ኒዮዲሚየም የሚባለው ብረት ያለበትን ብርቱ ማግኔት በመፍቻ እየፈታን ለየን። ያረጁ የስልክ ባትሪዎችን የቀረች ጉልበታቸውን በጨው ውኃ እያስጨረስን ከፈትናቸውና ኮባልቱ ያለበትን ጥቁር ዱቄት በማር ብልቃጥ አጠራቀምን። አክስቴ የመጀመሪያውን ብልቃጥ ወደ ብርሃን አንሥታ ዐየችው፣ ገለበጠችው፣ ነቀነቀችው፤ «ዓለም የሚጋደለው ለዚህ ነው? የድስት ጥላሸት አይደል እንዴ!» አለች። ከዚያ ግን ክዳኑ ላይ ቀይ ጨርቅ አሰረችበት፤ ደስ ያላትን ነገር እንደዚያ ነው የምታደርገው።

ከሁሉ በላይ እሳቱ ጠፋ። መጥበሻው ሚስማር ላይ ተሰቀለ። የመኪና ባትሪ ቢመጣም ሳንሰብር እንዳለ ለሚወስደው እናሳልፍ ጀመር። ምሕንድስናዬ ያመጣውን ለውጥ ክቡርነትዎ በሚወዱት ቋንቋ፣ በመቶኛ፣ ብነግርዎ ደስ ባለኝ፤ እኔ ግን የለካሁት በሌላ ነገር ነው። አክስቴ ጣቶቿ ከድተዋት የቀሚሷን ቁልፎች መቆለፍ ካቃታት ቆይቶ ነበር፤ ሐኪሟ እርሳሱ ነርቯን ይዞት ነው ብላለች። ያቺ ክፍል ውስጥ መሥራት ከጀመርን በኋላ አንድ ጠዋት «ነይማ እይ!» ብላ ጠራችኝና ከአንገቷ እስከ ወገቧ አንድ በአንድ እየቆለፈች አሳየችኝ፣ እንደ ሙሽራ እየተሽኮረመመች። ክቡር ሆይ፣ አምስት ዓመት የተማርኩት ለዚያች ጠዋት ነበር ብልዎ አላጋነንኩም።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ፤ መሥሪያ ቤትዎ ቁጥር የሌለውን ነገር እንደማያይ ስለተረዳሁ።

አንደኛ፦ በምረቃችን ላይ ያሞገሷቸው ብረቶች እጅግ ወሳኝ በመሆናቸው ያለ ፈቃድ እንዳይነኩ መሥሪያ ቤትዎ መወሰኑን ስሰማ፣ ቁም ነገረኛ መንግሥት ያለን መሆኑ አስደስቶኝ ደረቴን ነፍቼ ፈቃድ ልጠይቅ መጣሁ። ፈቃድ የሚሰጠው ፈቃድ ባለው ድርጅት ውስጥ ሠርቶ ልምድ ላገኘ ሰው መሆኑን፣ ፈቃድ ያለው ድርጅት ደግሞ እስከ ዛሬ አንድም አለመኖሩን የፈቃድ ክፍሉ ባለሙያ በትሕትና አስረዱኝ። «ታዲያ የመጀመሪያው ሰው ከየት ይመጣል?» ብዬ ብጠይቃቸው መነጽራቸውን አውልቀው ጥቂት አሰቡና «ግሩም ጥያቄ ነው፤ በጽሑፍ አቅርቢው» አሉኝ። በጽሑፍ አቀረብኩት። ቁልፉ ውስጡ የተቆለፈበት ሣጥን ሠርቶ ለወጣቶች በስጦታ ማበርከት ቀላል ጥበብ አይደለምና አድናቆቴ ይድረስዎት።

ሁለተኛ፦ ምላሽ ፍለጋ ስመላለስ በኮሪደርዎ ለተደረገልኝ መስተንግዶ ምስጋናዬን ማቅረብ እወዳለሁ። ወንበር ባይኖርም መቀመጫ አይታጣም፤ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሞቱ ኮምፒውተሮች፣ ማተሚያዎችና ስልኮች ተቆልለዋል። የጸሐፊዎ የሻይ ብርጭቆ የሚያርፈው በተገለበጠ ኮምፒውተር ላይ ነው። የፈቃድ ክፍሉ በር እንዳይዘጋ በባትሪ ተደግፏል፤ ባትሪውም እያዠ የወለሉን ምንጣፍ በልቶ ጨርሷል። እኔ የተቀመጥኩበት ማተሚያ ብቻውን ለአንድ ወር ሥራ የሚበቃን ነበር። «እነዚህን ስጡንና እንፍታቸው» ብዬ ብለምን፣ የአስወጋጅ ኮሚቴው ሳይሰበሰብ አይነኩም ተባልኩ። ኮሚቴው ለምን አይሰበሰብም ብዬ ብጠይቅ፣ የስብሰባ አዳራሹ ባልተወገዱ ዕቃዎች ስለተሞላ ነው ተባልኩ። መግቢያው ላይ ያሉት ጥበቃ እንኳ መመላለሴን ዐይተው «አንቺ ልጅ፣ አንቺ ሰው ነሽ ዕቃ? ዕቃ ከሆንሽ ንገሪኝ፣ ቁጥር ልለጥፍብሽ» ብለው ቀለዱብኝ። ከልቤ ሳቅሁ። ቤቴ ስደርስ ግን፣ አይታወቅም ብዬ፣ ጀርባዬን ዳሰስኩት።

ሦስተኛ፦ ተቆጣጣሪዎ ክፍላችንን ለመጎብኘት በመጡ ዕለት ስላሳዩት ጨዋነት ሳላመሰግን ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ጫማቸውን ጠርገው ገቡ። ማራገቢያው ሥር እጃቸውን ዘርግተው አየሩን ዳሰሱት፣ ገመድ የሚልጠውን ማሽን ራሳቸው አሽከርክረው ሞከሩት፣ እንደ ልጅ ሳቁ። «እንዲህ ያለ ንጹሕ ክፍል በሥራ ዘመኔ ዐይቼ አላውቅም» አሉ። አክስቴ ቀና ብላ ዐየችኝ፤ ዐይኗ «ያዝሽው!» ይል ነበር። ከዚያ ሰውዬው ጉሮሯቸውን ጠረጉና ፈቃዱን ጠየቁ። ማመልከቻዬን አሳየኋቸው። «ይሄ ማመልከቻ ነው» አሉ፣ እውነታቸውን ነበር። ጥቁሩ ዱቄት ያለበትን ብልቃጥ ለማስረጃ ብለው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ፤ በሩን ዘጉ፤ ከበሩ ወደ መቃኑ ሽቦ አሳልፈው ጫፉን በትንሽ የእርሳስ ፍሬ አሰሩና በመቆንጠጫ ጠፍጥፈው ማኅተም መቱበት።

አክስቴ ወገቧን ይዛ ቆመች። «እንዴ ወንድሜ!» አለቻቸው፣ «እዚህ ግቢ መሐል እሳት አንድጄ ሰማዩን ሳጠቁር በአጠገቤ ስታልፍ አንድ ቀን ዞር ብለህ አላየኸኝም። ዛሬ እሳቱን ባጠፋ ነው የመጣህብኝ?» ሰውዬው አላመናጨቋትም፤ ይህንንም በበጎ አነሣለሁ። «እትዬ» አሏት ዝግ ብለው፣ «መመሪያው እርምጃ የሚወሰደው በማሸግ ነው ይላል። ለማሸግ ደግሞ በር ያስፈልጋል። ግቢው በር የለውም፤ ምኑን ላሽገው? በመመሪያው ዓይን በር የሌለው የሥራ ቦታ፣ የሥራ ቦታ አይደለም።» «ጉድ ፈላ!» አለች አክስቴ፤ «በር ማሠራታችን ነው እንግዲህ ያስወነጀለን?» «እንደዚያ አላልኩም» አሉ፤ «ግን በሩ ባይኖር እኔም ባልመጣሁ።»

እሳቸው ሲሄዱ አክስቴ ማኅተሙን ጎንበስ ብላ ዐየችው፣ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው፣ ከዚያ ሳል እስኪይዛት ድረስ ሳቀች። ምን እንዳሳቃት ብጠይቃት «ተይኝ ባክሽ» አለችኝ። ንጹሑን አሽጎ ጭሱን በነጻ የለቀቀ መሥሪያ ቤት ስላቆሙልን እኔም በበኩሌ መሳቅ ነበረብኝ፤ አልመጣልኝም እንጂ።

አራተኛ፦ ይህንን ነጥብ ባጭሩ አልፈዋለሁ፤ ስለ እሱ ስጽፍ የደብዳቤው ወግ ይበላሽብኛል። በሩ በታሸገ ማግስት አክስቴ መጥበሻውን ከሚስማሩ አወረደችው። አይሆንም አልኳት፣ እግሯ ሥር ወደቅሁ፣ ተቆጣሁ፣ አለቀስኩ፣ የተማርኩትን ሁሉ ዘረገፍኩላት። «ታዲያ ምን እንብላ? ማኅተሙን እንላሰው?» አለችኝ። ሥራ ልፈልግና ልቀጠር አልኳት፤ «ተቀጠሪያ፣ እስክትቀጠሪ ነው» አለች። የት እንዳመለከትኩ፣ ምን እንደተባልኩ በዚህ ደብዳቤ አላደክምዎትም። ገመዱ እንደገና በእሳት ይለበለብ ጀመር፤ ባትሪውም ይሰበር ጀመር። ጭሱ ተቆጣጣሪዎ ባሸጉት በር ላይ እያለፈ ጥላሸት ቀባው፤ በመመሪያው መሠረት ጥላሸቱ የለም።

ሐኪሟ አዲሱን የደም ምርመራ ዐየች። «ከእርሳሱ ካልራቀች እኔ የምሰጣት መድኃኒት በተቀደደ ባልዲ ውኃ እንደ መቅዳት ነው» አለችኝና፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ያ የነበራችሁ ክፍል ምን ሆነ? በዚያ ሰሞን እኮ ጥሩ ነበረች» ብላ ጠየቀችኝ። ታሸገ አልኳት። «እሳቱ?» አለች። «ክፍሉ» አልኳት። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ዐየችኝ።

ባለፈው እሑድ አክስቴ ቀሚሷን ለብሳ ከጓዳ ወጣችና ፊቴ መጥታ ቆመች። ወደ ግድግዳው ነበር የምታየው። ከአንገቷ እስከ ወገቧ ቆለፍኩላት።

አምስተኛ፦ ለማስረጃ የተወሰደብኝ ብልቃጥ የት እንደደረሰ ስጨነቅ ከርሜ፣ በቅርቡ ባዘጋጁት ዐውደ ርእይ ላይ በመስታወት ሣጥን ውስጥ፣ መብራት በርቶለት፣ ከሥሩ ሰማያዊ ከፋይ ተነጥፎለት ስላገኘሁት ደስታዬ ወሰን አጣ። ክዳኑ ላይ የአክስቴ ቀይ ጨርቅ እንዳለ ነበር። ከፊቱ «በጽሕፈት ቤታችን ያላሰለሰ ድጋፍ ከኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ የተገኘ ወሳኝ ማዕድን» የሚል ጽሑፍ ቆሟል። ያላሰለሰ የሚለው ቃል በትክክለኛ ቦታው ላይ መዋሉን እመሰክራለሁ፤ ከቶ አላሰለሰንም። አጠገቡ የቆመው ጎልማሳ አስጎብኚ ኮባልት እንዴት እንደሚወጣ ለረጅም ጊዜ አስረዳኝ፤ ከተናገረው ውስጥ ትክክለኛው «እንኳን ደህና መጣችሁ» ያለው ብቻ ነበር። በመጨረሻም ፍላጎቴን ዐይቶ «እህቴ፣ ለነገሩ ዝንባሌ ያለሽ ትመስያለሽ፤ በዚህ ዘርፍ ብትማሪ ጥሩ ቦታ ትደርሻለሽ» ብሎ መከረኝ። ምክሩን ተቀብያለሁ። የደረስኩበትን ቦታ ከላይ በአራተኛው ነጥብ ገልጫለሁ።

ስድስተኛ ቅሬታም ነበረኝ። አምስተኛውን ስጽፍ ጠፋኝ፤ ሲመጣልኝ በጽሑፍ አቀርባለሁ።

ክቡር ሆይ፤

ብዙ ነገር የምጠይቅ እንዳይመስልዎት። መሬት አልጠየቅሁም፣ ብድር አልጠየቅሁም፣ መኪና አልጠየቅሁም፣ ኮሪደርዎን የዘጉትን ኮምፒውተሮች እንኳ አሁን አልጠይቅም፤ ጸሐፊዎ ብርጭቋቸውን የሚያሳርፉበት ያጣሉ። የምጠይቀው ከአንድ በር ላይ አንዲት ፍሬ እርሳስ እንዲነሣ ነው። ፈቃዱ እስኪመጣ ድረስ ወሳኝ የተባሉትን ብረቶች በእጄ አልነካም፤ ኮባልቱም፣ ማግኔቱም፣ ሊቲየሙም ባሉበት ይተኙ፣ ከእርስዎ ጋር ይተኙ። ገመድ የሚልጠው ማሽንና ማራገቢያው ብቻ ይለቀቁልን፤ መዳብ ወሳኝ ነው ብሎ የወሰነ ማንም የለም። አክስቴ ከእሳቱ ዳር ተነሥታ ወደ ውስጥ ትግባ። ሌላውን እኔ እጠብቃለሁ፤ ወጣት ነኝ፣ መቀመጫም አላጣም።

ደግሞም እውነቱን ልንገርዎት። በዚያ መድረክ ላይ የተናገሩት ሁሉ ልክ ነበር። ዛሬም፣ ይህንን ሁሉ ዐይቼ፣ ልክ ነው እላለሁ። የተሰበረ ስልክ መንገድ ላይ ሳይ አሁንም ልቤ ዘለል ይላል፤ ጎንበስ ብዬ አነሣዋለሁ፣ ኪሴ ውስጥ እከተዋለሁ፣ ማታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬው አሰላስላለሁ። ተራራው እውነት ነው፤ በየመሳቢያው ተኝቷል። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው፤ ዋሽተውን ቢሆን ኖሮ ይህንን ደብዳቤ ባልጻፍኩት፣ እርስዎንም እንደ ሌላው ሁሉ ረስቼዎት ባረፍኩ ነበር።

ወንበርዎ የሚጸና፣ መጋረጃዎ የማይጠቁር፣ ስብሰባዎ የሚሰምር፣ የስብሰባ አዳራሽዎም አንድ ቀን የሚከፈት እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ውድ ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ላልሰጡኝም ምላሽ በቅድሚያ እያመሰገንኩ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

ቃልዎን እንዳለ የወሰደች፣ ገና ተስፋ ያልቆረጠች (ይህም ፈቃድ የሚያስፈልገው ከሆነ ይገለጽልኝ)፣
ሥራ አጥ የብረታ ብረት መሐንዲስ፣ የእሜቴ ሽቦ ልጅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህንን ደብዳቤ ወደ ጋዜጣው ከመላኬ በፊት ለአክስቴ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው በጽሞና ሰማችኝና «አንቺ ልጅ፣ ይሄን ሁሉ ከምትለማመጪው፣ ሰውዬው የፈለገው በሩን አይደል? ለምን በሩን አንሰጠውም?» አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

በሩ ላይ የለጠፉትን ማስጠንቀቂያ እንደገና አነበብኩት። ማኅተም የሰበረ ይቀጣል ይላል፤ በር ስለ መንቀል ግን የሚለው ነገር የለም። ስለዚህ ጎረቤታችን አናጢው ዛሬ ጠዋት በሩን ከነመቃኑ፣ እንደተዘጋ፣ ሽቦው ሳይላላ፣ ማኅተሙ ሳይነካ ከግድግዳው አወጣልን። በጋሪ ጭነን አመጣነው፤ አሁን በመሥሪያ ቤትዎ መግቢያ ላይ ተዘግቶ ቆሟል። ጥበቃው ዙሪያውን ዞረው ዐይተው «ይሄስ ያለጥርጥር ዕቃ ነው» ብለው ቁጥር ለጥፈውበታል። ይረከቡን፤ ታሽጎ ነው የመጣው።

ክፍላችን ከዛሬ ጀምሮ በር የለውም፤ በመመሪያዎ መሠረትም የለም ማለት ነው። አክስቴ በዚያ በሌለው ክፍል ውስጥ፣ በሌለው ማራገቢያ ሥር ተቀምጣ ገመድ እየላጠች ናት። ዝናብ ሲመጣ ይገባብናል፤ ይግባ። መጥበሻውን ወደ ሚስማሩ መልሳዋለች።

በሩን ሲረከቡ ማኅተሙን ቀረብ ብለው ይመልከቱት፤ እርሳሱ ጠርዝ ላይ አንዲት ትንሽ ጭረት ያያሉ። ጭረቷ አክስቴ የቀለጠ እርሳስ የምታፈስበት የሸክላ ቅርጽ ስንጥቅ የተወባት ምልክት ናት። የመሥሪያ ቤትዎ ዕቃ ገዢ ለማኅተም የሚሆን እርሳስ ለዓመታት ሲወስድ የኖረው ከእሷ መጥበሻ ነበር፤ በራችን ሲታሸግ ያን ያህል ያሳቃትም የገዛ እርሳሷን ማወቋ እንደሆነ ዛሬ ነገረችኝ። አሁን ግን ማቅለጡን ትታለችና፣ ክቡር ሆይ፣ ለሚቀጥለው በር እርሳስ ከሌላ ሰው ደም ይፈልጉ።